ሚያታዋን ትራክ ልታስገባ ነው፤ ምን ታዘጋጅ?

ነገሩ በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተከፈተ ክር ነው፤ ማለት አንድ ጥያቄና ከሥሩ የተደረደሩ መልሶች። የመክፈቻው ጽሑፍ አጭር ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የምትኖር ልጅ የ2001 ማዝዳ ሚያታ አላት። ጣሪያዋ የሚታጠፍ ሸራ ነው፣ ማርሿ ማንዋል። በሜይ ወር ሰሚት ፖይንት ለጀማሪዎች በሚዘጋጅ የአንድ ቀን ፕሮግራም ልትመዘገብ ነው። ሰሚት ፖይንት ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ፣ ማለት ትራክ፣ ነው፤ ከዋሽንግተን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይነዳል። ከማንም ጋር መሽቀዳደም አላሰበችም። ፖሊስም እግረኛም በሌለበት መኪናዋን እስከ ጥጓ መንዳት ነው ያማራት። 1,000 ዶላር አጠራቅማለች። በሱ ጭስ ማውጫውንና የአየር ማጣሪያውን አስቀይራ ጉልበት ልትጨምር አስባለች። ሌላ ምን እንደሚያስፈልጋት ጠየቀች።

መልሶቹ 31 ደርሰዋል። ሁሉንም አልዘረዝርም። ፍሬ ያለውን ሰፋ አድርጌ፣ እንቶ ፈንቶውን ዘልዬ ልንገራችሁ።

1ኛው መልስ የመጣው ሜዳውን ከሚያውቅ ሰው ነው። እንኳን ደስ አላት ብሎ ጀመረና ጭስ ማውጫውን እንድትረሳው መከራት። የሰሚት ፖይንት ዋናው መስመር 2 ማይል ርዝመትና 10 መዞሪያ አለው። ረጅሙ ቀጥታ ሲያልቅ የመጀመሪያው መዞሪያ ላይ ፍሬን ጠንክሮ መያዝ ግድ ነው። ይኸው በየዙሩ ይደገማል። አንዱ ተራ፣ ማለት አንዴ ገብቶ እስኪወጣ፣ 20 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ በቀን ደግሞ ተራው ብዙ ነው። ስለዚህ ገንዘቧ መኪናዋን ማስሮጫው ላይ ሳይሆን ማቆሚያው ላይ ይዋል ነው የሰውዬው ሐሳብ። አዲስ የፍሬን ዘይት። ቢያንስ ግማሽ ውፍረት ያለው የፍሬን ሸራ። ያልተሰነጠቀ፣ ጥርሱ ያላለቀ ጎማ። የሞተር ዘይቱ እስከ ላይኛው ምልክት፣ ባትሪው በደንብ የታሰረ፣ የሚያንጠባጥብ ነገር ካለ አስቀድሞ የተጠገነ። ጥሩ መልስ ነው። ግን አንድ ትልቅ ነገር ዘሏል፤ ሲደርስ ታዩታላችሁ።

2ኛው ሙስታንግ የሚባለው ጉልበታም የፎርድ መኪና ያለው ነው። በ142 ፈረስ ጉልበት ትራክ ከመግባት ቤት መዋል እንደሚሻላት ጻፈ። 3ኛው ወዲያው ተነሳበት። ማዝዳ ራሱ የ2001ዱን ሚያታ መጀመሪያ 155 ፈረስ ጉልበት አለው ብሎ አስተዋውቆ ነበር። በኋላ 142 መሆኑን አምኖ፣ ቅር ያለው ገዢ መኪናውን እንዲመልስ ፈቀደ። መኪናዋ ግን ከዚያም ወዲህ ትራክ ላይ ከሚወደዱት አንዷ ሆና ቀርታለች። ጉልበታም መኪና መዞሪያው ላይ ያጠፋችሁትን ቀጥታው ላይ ይሸፍንላችኋል። ሚያታ አትሸፍንም፤ ለተማሪ የሚበጀውም ይኸው ነው። 3ኛው ይህን ሁሉ በጨዋ ቋንቋ ከጻፈ በኋላ በመጨረሻው መስመር የሙስታንጉን ባለቤት አፍ ብቻ አለው። ያንን ባይጨምር ይሻል ነበር።

4ኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። ጸሐፊው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ልጄ እያሉ ነው የሚጽፉላት። ትራክ ረግጠው አያውቁም። አይሱዙ ይዘው ከአዲስ አበባ ጎጃም ለዓመታት የተመላለሱ ሹፌር ናቸው። ያወሩትም ስለ ዓባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ሲጀመር እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል። አዲስ ሹፌር ፍሬኑ ላይ እግሩን አስደግፎ ይወርዳል። መጀመሪያ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ይመጣል። ቀጥሎ ጭስ። ከዚያ ቢረግጡትም መኪናው አይሰማም። እሳቸው ከታላላቅ ሹፌሮች የተማሩት፣ ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ ነው። ፍሬንም ሲያዝ ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅ እንጂ እያሻሹ መሄድ አይደለም። ያ ሽታ አፍንጫዋ የገባ እንደሆነ ሰው ምን ይለኛል ሳትል ቀዝቀዝ አድርጋ፣ ዙሩን ጨርሳ እንድትወጣ ነገሯት።

በዚህ ክር ላይ ከተጻፈው ሁሉ የበለጠውን የጻፉት ትራክ አይተው የማያውቁት ሰው ናቸው ባይ ነኝ። የፍሬን ሥራ ፍጥነትን ወደ ሙቀት መቀየር ነው። ሙቀቱ የሚበርድበት ጊዜ ካላገኘ ዓባይ በረሃም ሆነ ዌስት ቨርጂኒያ ያው ነው።

5ኛው ጋሼ ብሎ በአክብሮት አረማቸው። እሳቸው ያዩት የሸራውን መጋል ነው። በትንሽ መኪና ላይ ግን የፍሬን ዘይቱም ይፈላል። ሁለቱን በእግር መለየት ይቻላል። ሸራው ሲግል ፔዳሉ እንደደረቀ ይቆያል፤ መኪናው ነው የማይቆመው። ዘይቱ ሲፈላ ግን ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል። ስለዚህ ፔዳሉ ሰምጦ ወለል ይነካል። የፍሬን ዘይት ከአየሩ እርጥበት ስለሚስብ፣ በቆየ ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሳለ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይችላል፤ እርጥበት ከገባበት በኋላ 140 ነው። ዶት 4 አዲሱ 230፣ እርጥበት የገባበት 155። ለውድድር ተብለው የሚሸጡት ውስጥ ከ300 በላይ የሚችሉ አሉ። ለጀማሪ ግን ትኩስ ዶት 4 ከበቂ በላይ ነው። ሁሉንም አስወጥቶ በአዲስ መተካት እንጂ ከላይ መጨመር ዋጋ እንደሌለውም አሳሰበ። ሹፌሩ በ6ኛው አመስግነው መረቁት።

7ኛው አምስት ከአራት ስለሚበልጥ ዶት 5 እንድትገዛ መከራት። 8ኛው ወረደበት። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፤ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ላለው መኪናም አይሆንም። ዶት 5.1 የሚባለው ደግሞ ሌላ ነው፣ እሱ የዶት 4 ዘመድ ነው። ሰው ፍሬን ላይ ከመምከሩ በፊት ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቢያነብ ምን አለበት እያለ ተቆጣ። ቃሉ ከረረ፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

9ኛው የወንድሟን የሞተር ሳይክል ሄልሜት ተውሳ እንድትሄድ ሐሳብ ሰጠ። 10ኛው እንደማያስገቧት ነገረው። ብዙዎቹ አዘጋጆች የሚቀበሉት ስኔል የሚባለው ድርጅት ኤስኤ ብሎ ያተመበትን ነው። ኤም የተጻፈበት ለሞተር ሳይክል ነው። ኤስኤ እሳትን የመቋቋም ፈተና ያልፋል፤ የብረት ዘንግ ላይ ደጋግሞ ለሚመጣ ምትም ይፈተናል። ደረጃው በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል፦ ኤስኤ2015፣ ኤስኤ2020፣ ኤስኤ2025። አብዛኛው ቦታ የቅርቦቹን ሁለት ይቀበላል። ምልክቱ ያለው ውስጥ ነው፣ ከስፖንጁ ሥር፤ ስትገዛ ገልጣ ትየው። ይኸው ሰው የስኔልን ታሪክም አከለበት። ፒት ስኔል የሚባል ተወዳዳሪ በ1956 ሲሞት ሄልሜቱ ራሱን ሊያድነው አልቻለም። ወዳጆቹ በ1957 ያቋቋሙት መታሰቢያ ነው እስከ ዛሬ ሄልሜት የሚፈትነው።

ከዚያ 11ኛው መጣ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ስለ ፍሬን፣ ስለ ዘይት፣ ስለ ሄልሜት ሲያወራ፣ መኪናዋ በሩን እንደማታልፍ ያስተዋለ ሰው አልነበረም። ሚያታዋ ጣሪያዋ ሸራ ነው። የ2001ዱ ብትገለበጥ የሰው ራስ የሚከላከል ብረት ከፋብሪካው አልተሠራለትም። ብዙ አዘጋጆች እንዲህ ያለውን መኪና ሮል ባር ከሌለው አያስገቡም። ሮል ባር ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ከሻንሲው ጋር በቡሎን የሚታሰር የብረት ቅስት ነው። ከላይ የሚገጠመው ጠንካራ የፋይበር ጣሪያ በሱ ፈንታ አይቆጠርም። ሮል ባሩ ቢኖርም ፈተና አለው። ልጅቷ ሄልሜቷን አድርጋ፣ ቀበቶዋን አስራ ትቀመጣለች። አንድ ሰው ረጅም የመጥረጊያ እንጨት ያመጣል። አንዱን ጫፍ ከቅስቱ አናት፣ ሌላውን ከፊት መስታወቱ አናት ያጋድመዋል። ሄልሜቷ እንጨቱን ከነካ ወደ ቤት።

12ኛው የራሷ የጠያቂዋ ነው። ደነገጠች። ይህን ሁሉ ሰው አመስግና፣ 1,000 ዶላሩ የት እንደሚገባ እንደተገለጠላት ጻፈች። ቀልድ ታውቃለች።

13ኛው አንድ ነገር ጨመረ፣ ያልታሰበ ግን ወሳኝ። ሮል ባሩ ከራሷ ጀርባ ቅርብ ነው። ትራክ ላይ ሄልሜት አለ፤ በአዘቦት ቀን ሥራ ስትሄድ ግን የለም። ከኋላ ቢገጯት ራሷ ባዶ ብረት እንዳያገኘው ለዚሁ የተሠራውን ጠንካራ ስፖንጅ እንድታለብሰው መከራት። ለስላሳ የቧንቧ መሸፈኛ አይሆንም።

14ኛው ኢንሹራንስን አነሳና ክሩ ጋለ። በአሜሪካ ብዙ የመኪና ኢንሹራንስ ውሎች ለውድድር በተሠራ ሜዳ ላይ የደረሰን ጉዳት አይሸፍኑም፤ ትምህርት ነው ቢባልም። ውሉን አውጥታ እንድታነብ፣ ካልሸፈነ ለአንድ ቀን ብቻ የሚሸጥ የትራክ ኢንሹራንስ እንዳለ ነገራት። ወይም መኪናዋ ብትጠፋ የማይቆጫት መሆኑን ታስብ። 15ኛው ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል፣ ቢገጭ ሃይዌይ ላይ ነው ብሎ ማስመዝገብ ነው የሚል ምክር ጣለ። አራት ሰው ተረባረበበት፤ እስከ 19ኛው ድረስ ያ ነው። ማጭበርበር መሆኑን፣ ሰው እንደሚከሰስበት፣ እዚህ አገር በወረቀት ለሚኖር ሰው ደግሞ መዘዙ ብዙ መሆኑን ነገሩት። አንዱ አጉል ብልጥ አለው። እኔ ብሆን ከዚያም ባልራራሁለት።

ከዚህ በኋላ ወሬው ሸሸ። ጀርመን የሚኖር አንባቢ በ20ኛው ስለ ኑርቡርግሪንግ፣ ስለዚያው አገር የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ፣ ጻፈ። ሰሚት ፖይንት ውስጥ ሸናንዶዋ የሚባለው ሌላው መስመር ላይ ያለው ጎድጎድ ያለ መዞሪያ፣ ኑርቡርግሪንግ ላይ ያለው ካሩሰል የሚባለው መዞሪያ ቅጂ ስለሆነ ነው ነገሩ የተነሳው። በ1927 የተከፈተው ኖርድሽላይፈ የሚባለው የኑርቡርግሪንግ መስመር 20.8 ኪሎ ሜትር ነው። ለሕዝብ ክፍት በሚሆንበት ቀን ማንም በመኪናው ከፍሎ ይገባል። ግን የሚሠራው የመንገድ ሕግ ነው። መቅደም በግራ ብቻ ነው፣ ሰዓት መያዝ ክልክል ነው፣ አሰልጣኝ አጠገብ የለም። የጠርዙን ብረት የገጨ ይከፍላል። ሰውዬው ለመጀመሪያ ቀን የአሜሪካው አሠራር ይሻላል ባይ ነው። ልክ ነው።

21ኛው የ4ኛውን ሰውዬ አይሱዙ አንስቶ፣ አገር ቤት አልቃይዳ እየተባለ ይጠራ እንደነበር አስታወሰ። 22ኛው ሲኖትራክ ቀይ ሽብር መባሉን ጨመረ። 23ኛዋ በዚያ ስም መቀለድ እንደማያስቃት፣ ቤተሰብ ያጣ ሰው እዚህ ሊያነብ እንደሚችል በሁለት መስመር ተናገረች። ማንም አልመለሰላትም። የመድረኩ አስተባባሪ ወደ ጉዳዩ እንዲመለሱ አሳሰበ፤ እሱ 24ኛው ነው።

25ኛው ስለ ዕለቱ ውሎ የጻፈው ረጅሙ መልስ ነው። ጠዋት በሰማያዊ የወረቀት ፕላስተር ቁጥር ሠርታ በሩ ላይ ትለጥፋለች። የወለል ምንጣፉ ይወጣል፤ ፔዳል ሥር ገብቶ እንዳይወሸቅ። ፖርታባጋሊው ባዶ ይሆናል። የውሃ ጠርሙስ፣ ስልክ፣ ሳንቲም፣ ሁሉም ውጭ። ሁለቱም የፊት መስኮቶች ክፍት ናቸው፣ ምክንያቱም መቅደም የሚቻለው በእጅ ምልክት ብቻ ነው። ከፊት ያለው ሰው እጁን አውጥቶ በየትኛው ጎን እንደሚያልፉት ይጠቁማል። ካልጠቆመ አይታለፍም። ልብስ ጥጥ፣ ጫማ ሶሉ ስስ የሆነ፣ ጣት የሚሸፍን። ጎማ ሲግል ግፊቱ ከ5 ፒኤስአይ በላይ ሊጨምር ስለሚችል መለኪያ መያዝ። ነዳጅ ከግማሽ በታች እንዳይወርድ፤ መዞሪያ ላይ ነዳጁ ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ ሞተሩ ሊንተፋተፍ ይችላል።

ባንዲራዎቹን ደግሞ በቃል መያዝ ነው። ቢጫ፣ አደጋ አለ፣ መቅደም የለም። ቀይ፣ ከኋላ ያለውን በስፖኪዮ አይቶ፣ ሳይደናገጡ ወደ ዳር ይዞ መቆም። ጥቁር፣ ወደ መውጫው ሄዶ ምን እንዳጠፉ መስማት። ጥቁር ሆኖ መሐሉ ላይ ብርቱካናማ ክብ ያለበት፣ መኪናው ላይ ችግር ታይቷል። ሰማያዊ ባለ ሰያፍ መስመር፣ ፈጣን ሰው ከኋላ አለ። ቀይና ቢጫ ዝንጉርጉር፣ መንገዱ ላይ ዘይት ወይም ቁርጥራጭ ፈሷል። 26ኛው አረንጓዴም ካለ ሦስቱም ቀለማችን አለ ማለት ነው ብሎ ቀለደ። አለ፣ መንገዱ ነፃ ሲሆን ይውለበለባል።

27ኛዋ ሴት ናት፤ ያነሳችው ጉዳይ በሌላ አገር መድረክ አይነሳም። በፍልሰታ፣ ማለት በኦገስት ሙቀት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም ሳትቀምስ ትራክ ገብታ ነበር። ከሰዓት በኋላ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አሰልጣኟ መዞሪያ ላይ እየዘገየች መሆኑን አይቶ አስወጣት። ጾሙን ተዪ አይደለም ምክሯ፤ ቀኑን ለውጪ ነው። ሜይ ላይ ስትመዘገብም የቀን መቁጠሪያውን አይታ እንድትወስን ነገረቻት። 28ኛው ጿሚ ሰው ቀድሞ በእንዲህ ያለ ቅንጦት ውስጥ ምን አገባው ብሎ ተናገራት። እሷም ለንስሐ አባቷ እንደምትተወው መለሰችለት።

29ኛው ሙስታንጉ ተመልሶ ነው። አሰልጣኝ የሚባለው ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው፣ አዲስ አበባ መኪና የነዳ ሰው ትምህርት አያስፈልገውም ባይ ነው። 30ኛው ላይ መልስ የሰጠው ራሱ አሰልጣኝ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ በተሳፋሪ ወንበር የሚቀመጥ። ቅር ያለው አይመስልም። የተሳፋሪው ወንበርና ቀበቶ እንደ ሹፌሩ እኩል ጥሩ እንዲሆን ብቻ ነው መጀመሪያ የሚፈልገው። ከዚያ የሚያየው የተማሪውን ዓይን ነው። የከተማ ሹፌር ከፊቱ ያለውን መኪና ጀርባ ያያል፤ አዲስ አበባ የለመደ ደግሞ የበለጠ፣ ምክንያቱም እዚያ ሁሉም ነገር ሁለት ሜትር ፊት ነው ያለው። ትራክ ላይ ዓይን የሚቀድመው ወደሚሄዱበት ነው። ፍሬን ቀጥታው ላይ ይያዛል፤ መሪ ከመዞሩ በፊት ዋናው ሥራ አልቋል። መዞሪያ መሐል ፈርቶ ነዳጁን በድንገት መልቀቅ የኋላውን ያሸሻል። ሁለት ጎማ ሣር ከገባ መሪውን ወደ አስፋልቱ መጠምዘዝ ነው ሰው የሚገለብጠው፤ ይልቅ ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ቀስ ብሎ መመለስ። መኪናው መሽከርከር ከጀመረ ፍሪሲዮንና ፍሬን እኩል መርገጥ። ለሙስታንጉ ባለቤት ደግሞ የሚቀጥለው ፕሮግራም ላይ አብሮት እንደሚቀመጥ፣ በነፃ፣ ጻፈለት።

የመጨረሻው፣ 31ኛው፣ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ስለመጣ ብዙ ሰው ያነበበው አይመስለኝም። ተራ ጨርሶ ሲወጣ የእጅ ፍሬን እንዳትይዝ ነው ያስጠነቀቀው። ዲስኩ ስለሚግል ሸራው እዚያው ላይ ይጣበቃል። ማርሽ ውስጥ አስገብታ፣ ጎማው ሥር ታኮ ታደርጋለች። ዲስኩ በረድ ሲል የጎማዎቹን ዳዶ በመለኪያ ቁልፍ ትፈትሻለች፤ ለሷ ሚያታ ከ65 እስከ 87 ፓውንድ-ፉት (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ነው። በእግር እየረገጡ ማጥበቅ አይደለም።